ዚርኮንያ ክራውን ሥር ዱዋል ኪዩር ሲመንት ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ከላይቱ ነው፣ ከሙቀቱ ወይስ ከቦንዱ?

ጥርስ_ከዚራ (ድሬዳዋ)

ሰላም ባልደረቦች። የመንጋጋ ጥርስ ላይ የገቡ ዚርኮንያ ክራውኖች (ከዚርኮንያ ሴራሚክ የተሠሩ የጥርስ ሽፋኖች) በጥቂት ወራት ውስጥ ወልቀው ይመጣሉ። ሁሉም ላይ የሚታየው አንድ ነው፤ ማርጂኑ (የክራውኑ ጠርዝ) ዙሪያ ያለው ሲመንት (ማጣበቂያው) ደህና ጠንክሯል፣ በፕሮብ (ሹል መመርመሪያ) ቢጫንም አይበገርም። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ለስላሳ ነው፤ ፕሮቡ ይሰምጥበታል፣ ሲፋቅም እየተላጠ ይነሳል።

ዝርዝሩ ይኸው። ክራውኑ ሙሉ ዚርኮንያ፣ ሼዱ (ቀለሙ) ኤ3.5፣ ከላይ በኩል ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር። ሲመንቱ በአውቶሚክስ (ሁለቱን ክፍል ራሱ በሚቀላቅል) ሲሪንጅ የሚመጣ፣ ጥርሱ ላይ ቦንድ (ቀድሞ የሚቀባ አያያዥ ፈሳሽ) የሚፈልግ ዱዋል ኪዩር (በብርሃንም በኬሚካልም የሚደርቅ) ነው። ጥርሱ ላይ ዩኒቨርሳል ቦንድ ተቀብቶ በአየር ይነፋል፤ ክራውኑ ከፍ ብሎ እንዳይቀር ሲባል ቦንዱ ለብቻው ላይት አይደረግም። ክራውኑ ከገባ በኋላ ከላይ በኩል 20 ሰከንድ ይበራል። ቴምፖራሪው (ጊዜያዊው ክራውን) የተጣበቀው በዚንክ ኦክሳይድ ዩጀኖል ነው። ሲመንቱ የሚቀመጠው መደርደሪያ ላይ ሲሆን ክፍሉ ከቀትር በኋላ 33 እና 34 ዲግሪ ይደርሳል። ኤክስፓየሪው ገና ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ ከዚያው ካርቶን ተከፍሎ ሐረር ለሚገኝ ክሊኒክ የተላከው ሲመንት እንዲህ ያለ ችግር አላሳየም። የላይት ሰዓቱን 40 ሰከንድ ማድረግ ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ፕሮስቶ_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሰዓቱን ማስረዘም ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይፈታውም።

መጀመሪያ የወለቀውን ክራውን ከመታጠቡ በፊት በሉፕ (ማጉያ መነጽር) እዩት፤ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ሲመንቱ ጥርሱ ላይ ቀርቶ የክራውኑ ውስጥ ንጹሕ ከሆነ ጣጣው ከዚርኮንያው ወለል ነው። ሲመንቱ ክራውኑ ውስጥ ቀርቶ ጥርሱን ይነካ የነበረው ፊቱ ብቻ የሚያብለጨልጭና የሚያጣብቅ ከሆነ ቦንዱን ጠርጥሩ። ደረቅና ለስላሳ መስመር እየተፈራረቀ ከታየ ቤዙና ካታሊስቱ (የሲሪንጁ ሁለት ክፍሎች) እኩል አልወጡም። ማርጂኑ ጠንክሮ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊሜትር በኋላ ያለው ሲመንት በሙሉ ውፍረቱ ለስላሳ ከሆነ፣ እናንተ የጻፋችሁት ዓይነት፣ ብርሃኑ እዚያ አልደረሰም፤ ኬሚካሉም ያለ ብርሃን ሥራውን መጨረስ አልቻለም።

ስለ ብርሃኑ። አብዛኞቹ ሲመንቶች በካምፎርኪኖን (ብርሃን ሲያገኝ ማድረቅ የሚያስጀምር ኬሚካል) ይነሳሉ፤ እሱ በብዛት የሚቀበለው 468 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። 1.5 ሚሊሜትር ዚርኮንያ የዚህን ብርሃን አብዛኛውን ክፍል ያስቀረዋል፤ ሼዱ በጠቆረ ቁጥር የሚያልፈው ይቀንሳል። በስሌት ለማየት፣ 1000 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር የሚሰጥ ላይት በ20 ሰከንድ 20 ጁል ያደርሳል። ክራውኑን አልፎ የሚገባው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው ብንል ሲመንቱ ጋ የሚደርሰው 4 ጁል ነው። ላይታችሁ ራሱ አርጅቶ 500 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ 2 ጁል። ስለዚህ ከላይ፣ ከጉንጭ በኩልና ከምላስ በኩል እያንዳንዳቸው 40 ሰከንድ፣ የላይቱ ጫፍ ክራውኑን እንደነካ ይሁን። ጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ሲርቅ ወይም ሲያጋድል የሚደርሰው ብርሃን በግልጽ ይወርዳል። በመሐል በአየር ሲሪንጅ ማቀዝቀዝ አይረሳ፤ በተለይ ነርቩ በሕይወት ያለ ጥርስ ከሆነ።

ዋናው ግን ኬሚካሉ ይመስለኛል። የዱዋል ኪዩር ካታሊስት ውስጥ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ አለ፣ ቤዙ ውስጥ ደግሞ አሚን። ሲቀላቀሉ ያለ ብርሃን ማድረቅ የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። ፐርኦክሳይዱ ሙቀት አይወድም፤ ሲሪንጁ ውስጥ እያለ ቀስ እያለ ይፈራርሳል። ብዙዎቹ ሲመንቶች ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጡ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ኤክስፓየሪም የሚሠራው በዚያ ሙቀት ለተቀመጠ ዕቃ ብቻ ነው። የድሬ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያ ላይ ለወራት የቆየ ሲሪንጅ በወረቀት ገና ነው፣ በሥራ ግን አልፎበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ፐርኦክሳይዱ ሲሞት ካምፎርኪኖኑ ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማርጂን ላይ የተረፈው ሲመንት ላይት ሲበራበት በደንብ ይጠነክራል፣ ሐኪሙም ደርቋል ብሎ በሽተኛውን ያሰናብታል። የማርጂኑ ጥንካሬ ስለ ውስጡ ምንም አይነግረንም። የሐረሩ ክሊኒክ ደህና የሆነውም በዚህ ይመስለኛል፤ ከተማው ከድሬ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ ክፍሉም ቀዝቃዛ ነው። ከፍታው ለሲመንቱ ምንም አያደርግለትም፤ ለውጥ ያመጣው ሙቀቱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ የሚክሲንግ ጫፍ ግጠሙ፣ የመጀመሪያውን የአተር ፍሬ የምታህል ሲመንት ጣሉ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ትንሽ ጠብታ በሁለት ማይላር ስትሪፕ (ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ) መካከል ጨፍልቃችሁ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት። ስትሪፑ ግዴታ ነው፤ አየር የነካው የሬዚን (ሲመንቱ የተሠራበት ፕላስቲክ መሰል ነገር) ፊት ጤነኛም ቢሆን ስለሚያጣብቅ ውጤቱን ያበላሸዋል። የወንበሩን መብራት አጥፉ። በወረቀቱ የተጻፈው የሰልፍ ኪዩር (ያለ ብርሃን የሚደርቅበት) ሰዓት ሲሞላ ፈታችሁ በፕሮብ ጫኑት። መሰበር ወይም አለመበገር አለበት። ከሰመጠ 5 ደቂቃ ጨምሩለት። አሁንም ከሰመጠ ያ ሲሪንጅ ዚርኮንያ ወይም ፒኤፍኤም (ብረት ላይ የተሠራ ፖርሴሊን ክራውን) ሥር አይግባ። ፒኤፍኤም ሥር ደግሞ ጭራሽ ብርሃን ስለማይገባ ያለ ኬሚካሉ ሌላ ተስፋ የለም።

ሐረር_ጥርስ (ሐረር)

ፕሮስቶ ባሉት ላይ ስለ ቦንዱ ልጨምር፤ እኔ ከሙቀቱ እኩል የምጠረጥረው እሱን ነው።

ዩኒቨርሳል ቦንድ አሲዳዊ ነው። ላይት ሳይደረግ ሲቀር ያልተያያዘው አሲዳዊ ሞኖመር (ሬዚኑ የሚሠራበት ትንሹ ሞለኪውል) ከሲመንቱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ አሚኑን ይዞ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። አሚኑ ከታሰረ ፐርኦክሳይዱ ቢኖርም የሚያስነሳው የለም። ውጤቱ ጥርሱ ላይ ያለው የሲመንት ሽፋን ሳይደርቅ መቅረት ነው። ከዚያ በታች ያለው ዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ አካል) ደግሞ ርጥበት ይልካል፤ ያልደረቀው ሬዚን ውሃ እየጠጣ ይብሳል።

ላይት ያለማድረጉ ፍርሃት ይገባኛል፣ ቦንዱ ማዕዘን ላይ ከተጠራቀመ እውነትም ክራውኑን ያነሳዋል። መፍትሔው ማሳሳት ነው፦ 20 ሰከንድ ማሸት፣ ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ቢያንስ 5 ሰከንድ በአየር መንፋት፣ ትከሻውና ማዕዘኑ ላይ የቆመውን በደረቅ ማይክሮብራሽ ማንሳት፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ላይት። እንዲህ የሳሳ ቦንድ ክራውን አያነሳም። ወይም ለዚያ ሲመንት የተሠራውን የራሱን ፕራይመር ወይም ዱዋል ኪዩር አክቲቬተር ተጠቀሙ። የአንዱን ኩባንያ ቦንድ ከሌላው ሲመንት ጋር በዘፈቀደ ማጋባት እዚህ ቦታ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። ሰልፍ አድኼሲቭ (ራሱ የሚጣበቅ) ሲመንት ከሆነ ግን መመሪያው ካላዘዘ ጥርሱ ላይ ምንም ቦንድ አይቀባም።

ዩጀኖሉንም ቀይሩት። ዩጀኖል የሬዚንን መያያዝ የሚያቆም ነገር ነው፤ በዴንቲኑ ውስጥም ይቀራል። ዩጀኖል የሌለው ቴምፖራሪ ሲመንት ገበያ ላይ አለ። ጥርሱን በፓሚስና በውሃ አሹት፤ ዘይትና ፍሎራይድ ያለበት የማጽጃ ፔስት አይሁን። ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ከሆነ ማጠቢያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ዴንቲኑ ላይ ኦክስጅን ትቶ ስለሚሄድ ይኸው ማድረቅ መከልከል ይመጣል፤ በመጨረሻ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ድድ ሲደማ የምንቀባው ፌሪክ ሰልፌትም ታጥቦ ካልወጣ ቦንዱን ያበላሻል።

አንድ ጥያቄ ግን ለሁላችንም፦ ለመንጋጋ ዚርኮንያ ሬዚን ሲመንት ሁልጊዜ ለምን? ፕሪፑ (ለክራውኑ የተሞረደው ጥርስ) 4 ሚሊሜትር ቁመት ካለው፣ ግድግዳው ብዙ ካላጋደለና ማርጂኑ ከድድ በታች ሆኖ ማድረቅ የሚያስቸግር ከሆነ ሬዚን ሞዲፋይድ ግላስ አዮኖመር (ሌላ የሲመንት ዓይነት) በቂ ነው። ብርሃን አይጠብቅም፣ ቦንድ አይፈልግም፣ ትንሽ ርጥበት ይችላል። ዚርኮንያ ራሱ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ፌልድስፓር ፖርሴሊን ከሥሩ ተጣብቆ እንዲደገፍ አይለምንም። ሬዚኑን ለአጭር ፕሪፕ፣ ብዙ ላጋደለ ግድግዳና ለሥሡ ሴራሚክ እናቆየው። በድሬ ሙቀት ግላስ አዮኖመርም ቶሎ ይይዛል፤ የሚቦካበት ወረቀት ወይም መስታወት ቀዝቃዛ ይሁን፣ ዱቄቱ ግን አይቀነስ። ዱቄቱን ቀንሶ ማቅጠን ሲመንቱን ያደክመዋል።

ላብ_ጀጎል (ሐረር)

ጤና ይስጥልኝ ዶክተሮች። ከላብራቶሪ በኩል ያለውን ልናገር።

ዚርኮንያ ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። 3ዋይ የሚባለው ጠንካራና ብርሃን የሚከለክል ነው፤ 5ዋይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጥንካሬው ግን ያነሰ ነው። ዶክተሩ የትኛው እንደተሠራ ካላወቀ ስንት ሰከንድ እንደሚያበራም አያውቅም። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልኝ ብለው ይጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ ከዚያው ብሎክ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አብሮ እንዲላክልዎ ያድርጉ። ሲመንት ጠብታውን ከሥሩ አድርገው በላዩ ላይ ላይት ሲያበሩ፣ ለዚያ ክራውን 20 ሰከንድ ይበቃ እንደሆነ ወይም 40 እንደሚያስፈልግ በዐይንዎ ያዩታል። ከመሰል ቁራጭ የተሻለ መለኪያ የለም።

የውስጡን ወለል በተመለከተ፣ ሳንድብላስት (በአየር ግፊት ዱቄት መርጨት) በ50 ማይክሮን አሉሚና፣ ከ1 እስከ 2 ባር ግፊት፣ ከ10 ሚሊሜትር ርቀት፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል። ለ5ዋይ ዝቅተኛውን ግፊት ይያዙ። ከዚያ በላይ መምታት ማይክሮ ስንጥቅ ያመጣል። ላብ ውስጥ ሳንድብላስት ተደርጎ ቢላክም አፍ ውስጥ ሲለካ የምራቅ ፎስፌት ዚርኮንያው ላይ ተጣብቆ ኤምዲፒው (ዚርኮንያን የሚይዘው የፕራይመሩ ኬሚካል) የሚይዝበትን ቦታ ይይዝበታል። በውሃ አይወጣም። ፎስፎሪክ አሲድ ማድረግም ያባብሰዋል፣ እሱ ራሱ ፎስፌት ነውና። ከልኬት በኋላ እንደገና ቀለል ያለ ሳንድብላስት፣ ካልሆነም ለዚሁ የተሠራ የዚርኮንያ ክሊነር ይጠቀሙ፤ ከዚያ ኤምዲፒ ያለው ፕራይመር። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለዚርኮንያ ምንም አይረዳም፤ እሱ የሊቲየም ዳይሲሊኬት (ሌላ የሴራሚክ ዓይነት) ነው፦ 5 በመቶው 20 ሰከንድ፣ በደንብ መታጠብ፣ ሳይሌን 60 ሰከንድ፣ ማድረቅ።

የወለቀውን ክራውን መልሰው ማስገባት ከፈለጉ በቡር (በመሰርሰሪያ ጫፍ) አይፋቁት፤ ላብ ይላኩት፣ አሮጌውን ሬዚን በሳንድብላስት እናነሳዋለን።

ጥርስ_ከዚራ (ድሬዳዋ)

አቦ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፎይሉ ፈተና ተሠርቷል። መደርደሪያ ላይ የነበረው ሲሪንጅ በወረቀቱ 6 ደቂቃ የተባለው 15 ደቂቃም ቆይቶ ፕሮብ ይሰምጥበታል። ያው ጠብታ ላይት ሲደረግበት ወዲያው ይጠነክራል። ከሐረር የመጣው ሲሪንጅ በ7 ደቂቃ ደረቀ። ላይቱም በራዲዮሜትር (ብርሃን መለኪያ) 480 ብቻ አሳየ፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት ነበረ፣ ያ ሲፋቅ 760 ደረሰ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሲመንቱ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ? ሁለተኛ፣ በዚያ ሲሪንጅ የተጣበቁትንና ገና ያልወለቁትን ክራውኖች አሁን ደጋግሞ ላይት ማድረግ ይጠቅማል?

ፕሮስቶ_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ለሁለተኛው መልሱ አይጠቅምም ነው። ብርሃኑ ያኔ ያልገባበት ቦታ አሁንም አይገባበትም፤ ፐርኦክሳይዱም እንደገና አይነሳም። እነዚያን በሽተኞች ጠርታችሁ ማርጂናቸውን በሹል ፕሮብ ተከታተሉ፣ ክራውኑን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሲጫንና ሲለቀቅ ከጠርዙ ምራቅ አረፋ ይወጣ እንደሆነ እዩ። የሚንቀሳቀስ ካለ ቀድሞ ማውለቅ ይሻላል፤ ለስላሳ ሲመንት ሥር ካሪስ (የጥርስ መበስበስ) ሳይታይ ይሄዳል፣ ያልተያያዘ ሞኖመርም ነርቩን ያስቆጣል። የማይንቀሳቀስ፣ የማያምና ማርጂኑ የተዘጋ ከሆነ ግን አትነካኩት፤ በቀጠሮ ይታይ።

ፍሪጁ፦ አዎ፣ ግን ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይጨመቅም። የቀዘቀዘ ሲመንት ይወፍራል፣ ክራውኑን ከፍ ያደርጋል፣ ሰልፍ ኪዩሩም ይዘገያል። በድሬ አየር ደግሞ የቀዘቀዘ ሲሪንጅ ላይ ወዲያው ጤዛ ይቀመጣል፤ ውሃው ጫፉ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ሥራው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ ክዳኑና ማሸጊያው ሳይከፈት ይውጣ። ፍሪጁ በር ላይ አታስቀምጡት፤ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው እሱ ነው። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋ ከሆነ አይስ ፓክ ያለበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ፍሪጁ ውስጥ ይግባ፣ ግን ፓኩን እንዳይነካው፤ በረዶ መሥራት የለበትም። ዕቃ ስታዙም ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚኤሶ ቆላ በኩል በአውቶቡስ ጣራ ላይ የመጣ ሲመንት ገና ሳይከፈት ሊጎዳ ይችላል፤ በማታ ጉዞ፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይምጣ። አዲስ ሳጥን በተከፈተ ቁጥር የፎይሉ ፈተና ይሠራ፤ ወጪው አንድ የሚክሲንግ ጫፍ ነው።

ላይቱ 760 ከሆነ 40 ሰከንድ ያዙ። ባትሪው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሰጠውንና አሥረኛው ሰከንድ ላይ የሚሰጠውን ለይታችሁ ለኩ፤ በመሐል የሚወርድ አለ። ጫፉን የምትሸፍኑበት ላስቲክም ከተጨማደደ ብርሃን ይበላል።

ሐረር_ጥርስ (ሐረር)

ስለ ላይቱ ጊዜ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ክራውኑ እንደገባ ወዲያው ሙሉ 40 ሰከንድ ማብራት በአንዳንድ ሲመንቶች ላይ ጉዳት አለው። ብርሃኑ የነካው ክፍል በፍጥነት ሲጠነክር በውስጡ ያሉት ሞኖመሮች መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፣ ኬሚካሉ ሊጨርሰው የነበረው ሥራ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ክራውኑን በጣት ጫን ብሎ ማስገባት፣ ኮተን ሮል አስነክሶ መጠበቅ፣ ማርጂኑን በእያንዳንዱ ጎን 2 ሰከንድ ብቻ ነካ አድርጎ ሲመንቱ ጄል ሲሆን በአንድ ጊዜ ማንሳት፣ በጥርሶቹ መካከል ፍሎስ ወደ ጎን ማውጣት። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ ሙሉውን ላይት መስጠት። የሲመንቱ መመሪያ ወዲያው አብሩ ካለ ግን መመሪያው ይቀድማል፤ በብርሃን ላይ ይበልጥ የተመሠረቱ አሉና።

በጄል ጊዜ ክራውኑ አይነቃነቅ። 34 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የሥራ ሰዓቱ ከተጻፈው ያጥራል፤ ክራውኑ፣ ኮተን ሮሉ፣ ፍሎሱ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ካልቀረበ ሲመንቱ አይጨመቅ። ጥርሱ ላይ ከመቀባት ክራውኑ ውስጥ በቀጭኑ መቀባት ይሻላል፤ አፍ ውስጥ ያለው ሙቀትና ቦንዱ ሲጨመርበት ቀድሞ ሊይዝ ይችላል።

ፕሮስቶ_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

በመጠበቁ እስማማለሁ፣ ዚርኮንያና ፒኤፍኤም ላይ በተለይ። ሥሥ ሊቲየም ዳይሲሊኬት ላይ ግን ብርሃኑ በደንብ ስለሚገባ ያን ያህል አልጠብቅም።

ጥርስ_ከዚራ፣ ለበሽተኛው የሚነገረውን አትርሱ። ሬዚኑ ከክሊኒክ ከወጣ በኋላም እስከ 24 ሰዓት መያያዙን ይቀጥላል። በዚያ ቀን በዚያ በኩል ጠንካራ ምግብ አይነከስ። እዚህ አገር ደግሞ ጫት በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ስለሚያዝ፣ በግልጽ ስሙን ጠርታችሁ ለነገ ይተዉት በሏቸው፤ "ጠንካራ ነገር አይብሉ" ሲባል ጫትን የሚያስብ የለም።

ጥርስ_ከዚራ (ድሬዳዋ)

ተቀብያለሁ። የድሮው ሲሪንጅ ተጥሏል፣ ዩጀኖል የሌለው ቴምፖራሪ ታዟል። ላብ_ጀጎል፣ የ3ዋይና የ5ዋይ ቁራጭ በ1 እና በ1.5 ሚሊሜትር ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?

ላብ_ጀጎል (ሐረር)

እንልካለን ዶክተር። በኤ2 እና በኤ3.5 ሼድ እናድርግልዎ፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ በደንብ ይታያል። ጀርባቸው ላይ ውፍረቱ በእርሳስ ይጻፋል፣ ግሌዝ (የሚያብረቀርቅ ሽፋን) አይደረጉም፣ ሲመንት ስለሚነካቸው ከፈተና በኋላ በአልኮል ጠርገው መልሰው ይጠቀሙባቸው።